ትምህርት፣ ልጆች፣ ጁዶ፣ መጽሐፍ፦ የቱን ልተው? (እስካሁን የመጡት 33 መልሶች)

የመጀመሪያው ፖስት

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ልጆች ወላጅ ነኝ፣ ትልቁ 7 ዓመቱ ነው ትንሿ 3። ቀን እሰራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ ማስተርሴን እማራለሁ፣ በሳምንት ሶስት ቀን ጁዶ እሰራለሁ (ቡናማ ቀበቶ ነኝ፣ ጥቁሩ ብዙ አልቀረኝም)፣ በዛ ላይ ደሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቂት ገጽ ሳላነብ ከተኛሁ ቀኑ ያልተዘጋ ነው የሚመስለኝ። እስካሁን እንደምንም እየገፋሁት ነበር፣ ባለፈው ወር ግን ሁሉም ባንዴ ከእጄ አመለጠ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሳነበው የከረምኩት የስታቲስቲክስ ምዕራፍ ፈተና ላይ መጣና ሰንጠረዡ በቀኝ ገጽ ከላይ እንደነበረ ሁሉ እየታየኝ ውስጡ ያለው ግን ድራሹ ጠፋ። በዛው ሳምንት ራንዶሪ ላይ (የልምምድ ትግል ማለት ነው ለማታውቁት) ከኔ ብዙ ቀበቶ የሚያንስ ልጅ አንስቶ ዘረረኝ፣ መዘረሩ ያለ ነው፣ ያበሳጨኝ ሲያነሳኝ ስለ ስራ እያሰብኩ መሆኔ ነው። የያዝኩት ልቦለድ ገጽ 61 ላይ ቆሞ ሶስት ሳምንት ሆነው። ትልቁ ልጄ ደሞ አንድ ማታ የሆነ ነገር እየነገረኝ መሀል ላይ አቆመና ወደ ክፍሉ ገባ፣ ለምን እንዳቆመ የገባኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ቁጭ ብዬ ሰዓቴን ቆጠርኩ። በሳምንት ስራ ከመመላለሻው ጋር 50፣ እንቅልፍ 49፣ ልጆችና ቤት 42፣ ትምህርት 15፣ ጁዶ ከመንገዱ ጋር 7፣ ንባብ 5። ድምሩ 168፣ የሳምንቱ ሰዓት በሙሉ ማለት ነው። ምንጣፉ ላይ በምሆንባቸው ማታዎች ልጆቹ ከባለቤቴ ጋር ናቸው። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ውሳኔው ለኔ ተትቷል። እና ከትምህርት፣ ከጁዶና ከንባብ አንዱን መተው ካለብኝ የቱን? ልጆቹን አትበሉኝ፣ ቀልዱን ቤት ውስጥ ጨርሰነዋል።

ፖስቱ ይሄ ነበር። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ያለውን ሳያነቡ ያንኑ እየደገሙ ስለሆነ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አፍ ላስቀምጥላችሁ። አሳጥሬ ያለፍኳችሁ አትቀየሙኝ።

መልስ 1። ጨዋ ሰው ነው። ወንድሜ እያለ አበረታታኝ፣ ምንም እንዳልተው፣ ይሄ ጊዜ እንደሚያልፍ ነገረኝ። የትኛው ትምህርት እንደሆነ አልጠየቀም፣ ልጆቹ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ አልጠየቀም። ጥሩ ሰው ነው ግን ምክር አይደለም።

መልስ 2። ይሄኛውን አስታውሱት፣ በኋላ ይመለሳል። ጁዶ ከ20 ዓመት በላይ የሰራ ሰው ነው፣ ንግግሩም እንደ አሰልጣኝ ቀጥ ያለ። የፈለግከውን ተው ጁዶውን ግን እንዳትነካው ነው ያለኝ። ምክንያቱም እሱ ራሱ ድሮ ለአንድ ሰሚስተር ብሎ አቁሞ ሲመለስ 6 ዓመት አልፎ ነበር፣ አብረውት የጀመሩት ሁሉ አሰልጣኝ ሆነው ነው ያገኛቸው። ለአንድ ሰሚስተር የሚያቆም ሰው ለአንድ ሰሚስተር አያቆምም አለ። ሶስቱን ቀን ወደ አንድ ቀን አውርደው፣ ግን አትጥፋ፣ ሰውነት አወዳደቅን ቶሎ አይረሳም፣ የሚጠፋው ትንፋሹና የእጅ አያያዙ ነው። በዛ ላይ የጁዶ መስራች ጂጎሮ ካኖ ራሱ አስተማሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. 1882 ኮዶካን የሚባለውን የመጀመሪያውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲከፍት 21 ዓመቱ ነበር፣ ቦታውም ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ታታሚ (የጃፓን ምንጣፍ) የምታክል ክፍል ነች፣ ስለዚህ ጁዶና ትምህርት ከአንድ ማህፀን የወጡ ናቸው ብሎ ደመደመ። መጨረሻ ላይ ወላጅ የራሱን ነገር ካልያዘ ለልጆቹም አይሆንም የሚል ጨመረበት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ላይክ አደረግኩለት።

መልስ 3። 2ን ማረም የፈለገ ነው። ካኖ በ21 ዓመቱ እቤት የ3 ዓመት ልጅ እንዳልነበረው አስታወሰ። አጭር፣ ግን እውነት።

መልስ 4። በጣም የሳቅኩበት። የሂሳብ ሰው ነው መሰለኝ፣ ሰንጠረዤን አንድ በአንድ ደምሮ 168 ላይ ሲደርስ ነው ችግሩን ያገኘው። እንዲህ ልክክ ብሎ የሚዘጋ ሳምንት የለም ነው የሚለው። በሰንጠረዡ ውስጥ ገላ መታጠብ የለም፣ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው የለም፣ ስልክ ላይ መፍዘዝ የለም፣ ቁልፍ መፈለግ የለም፣ ዝም ብሎ ግድግዳ ማየት የለም። እነዚህ ነገሮች ግን ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ ሲመጡ የሚበሉት ደሞ ጠባቂ የሌለውን ሰዓት ነው፣ ስራ ጠባቂ አለው፣ አለቃ። ስልጠና ጠባቂ አለው፣ አሰልጣኝ። እንቅልፍና ማታ የልጅ ወሬ ግን ጠባቂ የላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ከ168ቱ አንድ አስረኛውን፣ 17 ሰዓት ገደማ፣ ባዶ ተወውና ከቀረው 151 ላይ እንደገና አከፋፍል አለኝ። ያን ጊዜ የቱን ልተው ብለህ ሰው አትጠይቅም፣ ወረቀቱ ራሱ ይነግርሃል። የልጄ ወሬ መሀል ላይ የቆመው ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ የለም።

መልስ 5። ስለ እንቅልፍ ብቻ። በቀን 7 ሰዓት ማለቴን እንደ ጀብድ እንዳላየው፣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. 2015 ባወጣው ምክር 7 ለአዋቂ ሰው ትንሹ ቁጥር እንጂ የሚደረስበት ጣሪያ እንዳልሆነ ጻፈ። የ7 ዓመቱ ከ9 እስከ 12፣ የ3 ዓመቷ ደሞ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። የልጆቹን ሰዓት መጀመሪያ ብትቆጥር ማታ ስንት ነጻ ሰዓት እንዳለህ ራሱ ይወጣል አለ። ትክክል ነው፣ ሁለቱም ምሽት 2 ሰዓት ላይ ከተኙ ለኔ የምትተርፈው ሁለት ሰዓት ገደማ ነች።

መልስ 6። ከለሊቱ 10 ሰዓት ተነሳ። በቃ ይሄ ነው። ግን አንድ ገጽ ሙሉ ነው የጻፈው፣ ፀጥታው፣ ንጹህ አእምሮው፣ ዓለም ሳትነቃ ምናምን። ሲነበብ ስብከት ስብከት ይላል።

መልስ 7፣ 8፣ 9። ጸቡ እዚህ ጋ ተጀመረ። 7 የመንታ ልጆች እናት ነች፣ 6ን ልጅ እንዳለውና እንደሌለው ጠየቀችው፣ የ3 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ወላጅ 10 ሰዓት ሲነሳ ልጅ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሳል፣ ስለዚህ ያገኘኸው ፀጥታ ሳይሆን የረዘመ ቀን ነው አለችው። 8 ላይ 6 ተመልሶ ዲሲፕሊን የሚባል ነገር እንዳለ ነገራት። 9 ላይ እሷ ዲሲፕሊኑን ለመንታዎቹ መጥቶ እንዲያስረዳቸው ጋበዘችው። ከዛ በኋላ 6 አልተመለሰም። እኔ ሞክሬው አውቃለሁ፣ ሶስት ቀን ሰራ፣ አራተኛው ቀን ትንሿ ብርድ ልብሷን እየጎተተች መጥታ እግሬ ስር ተኛች።

መልስ 10። ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። ሰውየው ስለ ሰዓት አንድም ነገር አላለም፣ የጠየቀኝ በ15ቱ ሰዓት ውስጥ ምን እንደማደርግ ነው። በወቅቱ መልሴ ግልጽ ነበር፣ አነባለሁ፣ አሰምራለሁ፣ ደግሜ አነባለሁ። እሱ ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ለፈተና ያለው ጥቅም በጣም ትንሽ ነው አለ። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. 2006 ያወጡትን ሙከራ ጠቀሰ፣ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አንብበው ከፊሎቹ ደግመው ደጋግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። በጣም የሚገርመው ደጋግመው ያነበቡት በራሳቸው የበለጠ ተማምነው ነበር። ሰንጠረዡ በቀኝ ገጽ ከላይ የታየኝ እኔ ማለት ነው። ዓይኔ ገጹን ለምዶታል፣ ጭንቅላቴ አልያዘውም።

ያለኝ ዘዴ ቀላል ነው፣ አንድ ክፍል አንድ ጊዜ በደንብ አንብብ፣ ዝጋው፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍ፣ ከዛ ክፈትና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙላ። በማግስቱ ድገመው፣ ከዛ ከሶስት አራት ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ። ኤቢንግሃውስ የሚባል የጀርመን የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ራሱ ላይ እየሞከረ እ.ኤ.አ. 1885 የጻፈው ነገር ነው፣ አዲስ አይደለም፣ አራርቆ መድገም ባንዴ ከመከመር ይሻላል። እና ጁዶም እኮ እንደዛ ነው አለ፣ አንድን ጥል በአንድ ማታ 500 ጊዜ ሰርተህ ወር አትጠፋም፣ በየስልጠናው ጥቂት ጥቂት ትሰራለህ፣ ለስታቲስቲክስ ሲሆን ለምን ሌላ ሰው ትሆናለህ?

ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። መጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ላይ አራት መስመር ብቻ ነው የወጣልኝ፣ ያሳፍራል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ካነበብኩ በኋላ። አሁን ግን 15ቱ ሰዓት ወደ 11 ወርዷል፣ የማስታውሰውም ይበልጣል። ደሞ ወረቀት ስለሆነ ልጆቹ ሲሯሯጡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማድረግ እችላለሁ፣ ማንበብ ግን አልችልም ነበር።

እዛው ላይ አንድ ትንሽ ነገር ጨምሮ ነበር፣ ከጥናት ስትነሳ ቀጥሎ ምን እንደምትሰራ አንድ መስመር ጽፈህ ተነስ፣ አለዚያ ግማሽ ጭንቅላትህ ወንበሩ ላይ ይቀራል የሚል። ይሄንን ከስራ ስወጣም ጀምሬዋለሁ። ምንጣፉ ላይ ስለ ስራ ማሰቤ ሙሉ በሙሉ አልቆመም ግን ቀንሷል።

መልስ 11። አሁን ቃናው ተቀየረ። ይሄ ሰው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ተቆጥቷል። ሰንጠረዡ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። 7 ሰዓት ጁዶ ስትል ሚስትህ 7 ሰዓት ሁለት ልጅ ይዛ ብቻዋን ናት ማለት ነው፣ የሷ ሰንጠረዥ የታለ፣ ባለቤቴ የምትላት ሴት በፖስትህ ውስጥ ልጅ ከመያዝ ሌላ ስራ የላትም፣ ጥቁር ቀበቶህን ስትታጠቅ ግማሹን ቆርጠህ ስጣት አለ። አነጋገሩ ሸካራ ነው ግን ተመችቶኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

መልስ 12። 11ን ደገፈ፣ በአንድ ቃል።

መልስ 13። 11ን ተቃወመ። ሰውየው ሰርቶ ያመጣል፣ ይማራል፣ ውጪ አይጠጣም አይዞርም፣ በሳምንት 7 ሰዓት ስፖርት ቢሰራ ምን ይባላል፣ ወንድ ልጅ የራሱ ጊዜ ያስፈልገዋል የሚል።

መልስ 14። እኔ ነኝ። ሴት ነኝ አልኩ። የልጆቹ እናት ነኝ፣ ባለቤቴ ያልኩት ባሌን ነው። በቃ ሁለት መስመር ናት የጻፍኳት።

ሆን ብዬ አልነበረም በነገራችን ላይ። ወንድሜ ሲሉኝ ዝም ያልኩት መጀመሪያ ላይ ማረሙ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው፣ በኋላ ደሞ እውነት ለመናገር የሚሉትን ለማየት ጓጓሁ።

መልስ 15። የሳቅ ምልክት ብቻ፣ ወደ ሀያ የሚሆን።

መልስ 16። ይሄኔ 2 ቁጥር ተመለሰ። እህቴ ብሎ ጀመረ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጥሩ። ከዛ በኋላ ግን ምክሩን እንደገና አስቦበት መጣ። ትንሿ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ጁዶውን ብታቆዪው ነው የሚለው አሁን። ጁዶ የትም አይሄድም፣ ልጅነት ግን ያልፋል፣ ሰውነትሽም እረፍት ያስፈልገዋል። ለአንድ ሰሚስተር የሚያቆም ሰው ለአንድ ሰሚስተር አያቆምም ያለው ይሄው ሰው ነው፣ ከዛች እስከዚች 14 መልስ ነው ያለው። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፣ ሰዓቱ ያው 7 ሰዓት ነው፣ ቀበቶውም ያው ቡናማ ነው። ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን አድርጌ አስቀመጥኩለት፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

መልስ 17። 13 ቁጥር ነው። ወንድ የራሱ ጊዜ ያስፈልገዋል ያለው። አሁን ልጆቹ ማታ እናታቸውን አይፈልጉም ወይ ብሎ ጠየቀ። ማታ ከአባታቸው ጋር ናቸው አልኩት። መልስ የለም።

መልስ 18። አንድ እህት፣ ባልሽ ልጅ ይይዝልሻል እንዴ፣ ታድለሻል አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው፣ ክፉ አላሰበችም። ግን ባሌን ታድለሃል ያለው ሰው እስካሁን የለም፣ እኔ 42 ሰዓት የምይዝለትን ቆጥሮ።

መልስ 19። 7 ቁጥር፣ የመንታዎቹ እናት። እሷ ግን ለማንም አታዳላም፣ ወደኔ ዞረች። 11 ቁጥር ስድቡን ቢሳሳትም ጥያቄው ልክ ነበር፣ ወንድ መስለሽው ሲጠይቅሽ ተመችቶሽ ነበር፣ ሴት ስትሆኚ ጥያቄው ይሰረዛል እንዴ፣ የባልሽ ሰንጠረዥ የታለ አለችኝ። ትንሽ ተናደድኩ። ከዛ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀት ይዤ ባሌ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ልጆችና ቤት እሱ 31 ወጣለት፣ እኔ 42። ለራሱ የሚለው ሰዓት፣ ኳስና ጓደኛ ተደምሮ፣ 9። ለኔ ጁዶና ንባብ 12። ስራው ከኔ በ8 ሰዓት ይበልጣል። ማናችንም ጻድቅ አይደለንም ማለት ነው። ከሁሉም የገረመኝ ግን ሐሙስ ሐሙስ እኔ ስልጠና ስሆን እሱ ኳሱን ከተወ ዓመት እንዳለፈው አለማወቄ ነው፣ አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩም። ውሳኔው ለኔ ተትቷል ብዬ ነበር እኮ ከላይ፣ እንዴት እንደተተወ አሁን ገባኝ።

መልስ 20። ቋንቋ የሚወድ ሰው ነው። ማንም ሰው አይፈረድበትም፣ አማርኛ እኔ የሚለው ላይ ፆታ የለውም፣ ባለቤቴ የሚለውም ግሱን ደብቀሽ ከተጠቀምሽበት አይለይም፣ ግሱን ደሞ በየቦታው ደብቀሽዋል አለኝ። ሄጄ አየሁት፣ እውነትም አንድ ቦታ ላይ እንኳን ባለቤቴ ይህን አደረገ አላልኩም። ሰው ሁሉ ክፍት ቦታውን በለመደው ሞላው።

መልስ 21፣ 22፣ 23። ከርዕስ ወጡ። ባለቤት የሚለው ቃል የንብረት ባለቤት ይመስላል አይመስልም፣ ባሌ ማለት ጨዋነት ነው አይደለም። 22 እና 23 ተሰዳድበው ተለያዩ። እለፏቸው።

መልስ 24። ይሄንን ያላነበበ ተመልሶ ያንብብ። የአሜሪካዊቷን ጁዶኛ የረስቲ ካኖኮጊን ታሪክ ጻፈልን። እ.ኤ.አ. 1959 ኒውዮርክ ውስጥ የዋይ ኤም ሲ ኤ (ወወክማ) የጁዶ ውድድር ላይ ፀጉሯን አሳጥራ ደረቷን በፋሻ ጠፍራ በተጎዳ የቡድን ጓደኛዋ ቦታ ገባች፣ ግጥሚያዋን አሸነፈች፣ ቡድኑም አሸነፈ፣ ከዛ አንድ ኃላፊ ሴት ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ነኝ አለች፣ ሜዳሊያው ተወሰደ። በኋላ እናት ሆነች፣ አሰልጣኝ ሆነች፣ እ.ኤ.አ. 1980 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ያዘጋጀችው እሷ ነች። የሴቶች ጁዶ ኦሎምፒክ ላይ በ1988 ለማሳያ፣ በ1992 ደሞ በሜዳሊያ ገባ፣ ወንዶቹ ከ1964 ጀምሮ ሲወዳደሩ። ሜዳሊያውን በ2009 ዋይ ኤም ሲ ኤ መለሰላት፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በዛው ዓመት ሞተች። መልሱን ሲጨርስ አንቺም ፋሻ ሳታስሪ እስከ 13 ቁጥር ድረስ ደረስሽ አለኝ፣ በጣም ሳቅኩ።

መልስ 25። ለተቃውሞ ኬኮ ፉኩዳን አመጣ። የካኖ ተማሪ የነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአሜሪካው የጁዶ ማህበር 10ኛ ዳን (የጁዶ ከፍተኛው ማዕረግ) ያገኘች፣ 99 ዓመቷ ድረስ የኖረች። ትዳር ወይ ጁዶ ሲመጣባት ጁዶን መረጠች፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ነው የሱ ድምዳሜ። እኔ ደሞ ከሱ ታሪክ የማነበው ሌላ ነው፣ ምረጪ ያላት ማን ነው፣ ካኖንስ ምረጥ ያለው ሰው ነበር?

መልስ 26። ፈረንሳዊቷ ጁዶኛ ክላሪስ አግቤኜኑ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰኔ ወር ወልዳ ዓመት ሳይሞላት በ2023 ግንቦት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ ለስድስተኛ ጊዜ፣ ታዲያ አንቺ ምን ያቅትሻል የሚል ነው። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለሷ ጁዶ ስራዋ ነው። የኔ ደሞ ከስራ በኋላ የምሮጥለት ነው። እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ሰው ሲያመጣልኝ ጉልበት አይሰጠኝም፣ ይደክመኛል።

መልስ 27። ስለ ጭንቅላት ጉዳት ነው፣ ቁም ነገር አለው። ፈተና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ራንዶሪ ላይ አገጩን ሳይሰበስብ ወድቆ ጭንቅላቱ ምንጣፉን መታ። ራሱን አልሳተም፣ ስለዚህ ምንም አይደለም ብሎ በዛው ማታ ጥናት ላይ ተቀመጠ። ፊደሎቹ መዋኘት ጀመሩ፣ ብርሃን አስጠላው፣ በልጆቹ ድምፅ ማልቀስ ደረሰ። በማግስቱ ተመልሶ ስልጠና ሄደ፣ ይሄ ነው ትልቁ ጥፋቱ። ያሰለጥነው የነበረው ሰውም አላስቆመውም። ፈተናውን ወደቀ፣ ለሁለት ወር አንድ ገጽ ማንበብ አልቻለም። አሁን የሚመክረው እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የስፖርት ሐኪሞች በተስማሙበት መሠረት ነው፣ የመጀመሪያውን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል አድርጎ ማረፍ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ መዘጋት ሳይሆን፣ ስክሪን መቀነስ፣ ቀለል ያለ እርምጃ ይቻላል፣ ጥናት ቀስ በቀስ መመለስ፣ ትግል ግን ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ የለም። ከዛ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ስለ ስራ እያሰብሽ ስትዘረሪ ጭንቅላትሽ ነክቶ ነበር ወይ? አልነካም። ግን ጥያቄው ሌሊት ተመልሶ መጣብኝ። ደክሞኝ ምንጣፍ ላይ መውጣት ፈተናዬንም ንባቤንም በአንድ ውድቀት ሊወስድ እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ከ6 ሰዓት በታች ከተኛሁ ራንዶሪ አልገባም፣ ከዳር ሆኜ አወዳደቅና ኡቺኮሚ (ሳይጥሉ የጥል አገባብን መደጋገም) ብቻ እሰራለሁ። አሰልጣኛችን መጀመሪያ ቀን ገላመጠኝ፣ ለመደው።

መልስ 28፣ 29፣ 30። መንገድ ላይ መጽሐፍ በጆሮ ስሚ አለኝ 28። 29 ደሞ መስማት ማንበብ አይደለም አለው። 30 ላይ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ ያነበባቸው መጻሕፍት የት እንደሚመደቡ 29ን ጠየቀው፣ በጣም በጨዋ ቃል። 29 ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። የኔ ሀሳብ ካስፈለጋችሁ፣ ልቦለድ በጆሮ ይሆናል፣ ስታቲስቲክስ አይሆንም።

መልስ 31። ከልጆችሽ ጋር አንብቢ፣ ሁለቱን ባንዴ ትመቻለሽ የሚል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተወለዱ ጀምሮ ጮክ ብሎ ማንበብን እንደመከረ አስታወሰኝ፣ እያነበብሽ ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል እያልሽ ጠይቂያቸው አለ። አደርጋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን ያንኑ የጥንቸል ታሪክ ለ40ኛ ጊዜ ማንበብ የኔ ንባብ አይደለም፣ እሱ 42ቱ ሰዓት ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ለራሴ ግን 10 ገጽ በቀን ብዬ ወስኛለሁ፣ ዓመት ሙሉ ከያዝኩት 3650 ገጽ ነው፣ ስልክ ላይ የምፈዘው ሰዓት ለዛ ይበቃል።

መልስ 32። 2 ቁጥር ለሶስተኛ ጊዜ። ሁለቱን መልሶቹን ሚስቱ አጠገቡ ሆና አንብባለት እንደሳቀችበት፣ እሷም ድሮ እሱ ያሰለጠናት እንደሆነችና ሲጋቡ እንዳቆመች ጻፈ። ለስንት ጊዜ ብላ እንዳቆመች አልጠየቅኩትም። የመጀመሪያው መልስ ይጽና፣ አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም አትጥፊ አለኝ።

እስካሁን ያደረግነው ይሄን ነው፣ ለጠየቃችሁ። ጁዶ ወደ ሁለት ቀን ወርዷል፣ ሐሙስ ለባሌ ኳስ ተመልሷል። ጥናት 11 ሰዓት። ባዶ ሰዓት 17 አልሞላልኝም፣ 6 ነው የቻልኩት። የጥቁር ቀበቶ ፈተናውን ከማስተርስ ፈተናው በኋላ አድርጌዋለሁ። ልቦለዱ ገጽ 118 ነው። ትልቁ ልጄ ትናንት ማታ ወሬውን ጨረሰልኝ፣ ስለ አንድ የክፍል ጓደኛው ጫማ ነበር፣ 25 ደቂቃ ፈጀ። 10 ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ባዶ ወረቀቱ ለቃላትና ለፍቺ ይሰራል፣ ለስሌት ሲሆን ቀመሩን ነው የምጽፈው ወይስ ጥያቄውን ከባዶ ልስራው?

መልስ 33። ይሄን እየጻፍኩ አሁን ገባ። ከላይ ያለውን አላነበበም። ወንድሜ፣ የፈለግከውን ተው ጁዶውን ግን እንዳትነካው ብሎ ወጣ። እሺ ወንድሜ ብዬዋለሁ።